ካውንተር ስትራይክ 2ን ሳይቆራረጥ የሚያጫውት ፒሲ አመራረጥ፦ ከመለካት እስከ መግዛት

ካውንተር ስትራይክ 2 በነፃ የሚወርድ ጨዋታ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቀው የሚጫወቱበት ኮምፒውተር ነው። ዕቃው ሁሉ በዶላር ከውጭ በሚገባበት አገር፣ አንድ ወጣት ለወራት ያጠራቀመውን ብር ለግራፊክስ ካርድ ከፍሎ፣ ካርዱን ከገጠመ በኋላም ጨዋታው እንደ ድሮው ስታክ ሲያደርግበት ማየት በጣም ያሳዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የሚጎትተው ሌላ ዕቃ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሱቅ አይጀምርም፤ አሁን እጃችሁ ላይ ካለው ኮምፒውተር ይጀምራል። ገና ኮምፒውተር የሌላችሁ ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ደረጃ 1፦ የሚቆራረጠው ምኑ እንደሆነ ለዩ

ሁላችንም «ስታክ ያደርጋል» የምንለው ችግር ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ መፍትሔውም ለየቅል ነው።

አንደኛው የምስል ፍጥነት ማነስ ነው። ኮምፒውተሩ በሰከንድ የሚሠራው የምስል ብዛት ኤፍፒኤስ ይባላል። በ60 ኤፍፒኤስ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በ144 ወደ 6.9፣ በ240 ወደ 4.2 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ባዶ ካርታ ላይ ብቻችሁን ስትሮጡም ጨዋታው ይከብዳችኋል።

ሁለተኛው መዋዠቅ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስመርረውም እሱ ነው። አማካዩ 150 ሆኖ፣ አምስቱም ጠላቶች በአንድ ጊዜ ሲመጡና ጭስ ሲወረወር ለአፍታ ወደ 40 ከወረደ፣ የሞታችሁት በዚያች አፍታ ነው። አማካይ ቁጥር ይህን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፒሲ ሲመዘን መታየት ያለበት ዝቅተኛው አንድ በመቶ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በጣም በተጨነቀበት ሰዓት ያስመዘገበው ፍጥነት ነው።

ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። ምስሉ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ከሆነ፣ ወይም ግድግዳ ጀርባ ከገባችሁ በኋላ የምትሞቱ ከሆነ፣ የትኛውም ፕሮሰሰር አያድናችሁም።

ሦስቱን ለመለየት ጨዋታው ራሱ መሣሪያ አለው። በማስተካከያው ውስጥ ቴሌሜትሪ የተባለውን ክፍል ከፍታችሁ የምስል ፍጥነት፣ የአንድ ምስል ጊዜ፣ ፒንግ (መልእክት ወደ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) እና የጠፋ ፓኬት (በመንገድ የቀረ ዳታ) ሁልጊዜ እንዲታዩ አድርጉ። ከዚያ አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወቱና ስታክ ባደረገ ቁጥር የትኛው ቁጥር እንደዘለለ ተመልከቱ። ይበልጥ የተጣራ ልኬት የሚፈልግ ሰው ጨዋታው በሚወርድበት በስቲም፣ ወርክሾፕ በተባለው ክፍል የሚገኘውን የኤፍፒኤስ መለኪያ ካርታ ያውርድ፤ መጨረሻ ላይ አማካዩንና ዝቅተኛውን አንድ በመቶ ጎን ለጎን ይነግረዋል።

ችግሩ ኔትወርክ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ ጥፋቱ ከቤት ውስጥ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። የዊንዶውስን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱና ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ የራውተራችሁን አድራሻ አስከትሉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መልሱ በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ መምጣት አለበት። አንዴ 2፣ አንዴ 80፣ አንዴ 150 የሚል ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ የሚዘረጋ የኔትወርክ ኬብል ከማንኛውም ካርድ በላይ ይጠቅማችኋል። ኬብል መዘርጋት ካልተቻለ ቢያንስ ከ2.4 ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ተቀየሩ።

ከቤት ውጭ ያለውን ግን ርቀት ይወስነዋል። ለኢትዮጵያ ቅርብ ከሚባሉት የጨዋታው ሰርቨሮች አንዱ ዱባይ ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ በቀጥታ መስመር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ በፍጹም ቀጥታ መስመር ቢሆን እንኳ 25 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ባሕር በር ስለሌለን መስመሩ በጎረቤት አገር ዞሮ ነው ከባሕር ሥር ኬብል ጋር የሚገናኘው፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ይህን የሚቀንስ ዕቃ በገበያ ላይ የለም። «ፒንግ ይቀንሳል» ተብሎ ለሚሸጥ ውድ የጌም ራውተር ወይም የኔትወርክ ካርድ ብር አታውጡ።

ደረጃ 2፦ ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ግራፊክስ ካርዱ?

ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሆነ ይህን ቀላል ሙከራ አድርጉ፤ ምንም ወጪ የለውም፣ የብዙ ሺህ ብር ስህተት ግን ያስቀራል። የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርዱና በዚያው ካርታ፣ በዚያው ዓይነት ጨዋታ ኤፍፒኤሱን እዩ። በጣም ከጨመረ ሲከብደው የነበረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም የጨመረው እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ፣ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ አዲስ ካርድ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

ሙከራውን በሰላሙ ጊዜ ብቻ አታድርጉ። በካውንተር ስትራይክ 2 ጭሱ ጠፍጣፋ ሥዕል አይደለም፤ ቦታ የሚይዝ፣ ጥይት የሚበሳው፣ ቦምብ የሚበትነው ሙሉ አካል ነው፤ ለግራፊክስ ካርዱም ከባድ ነው። ጭስ ውስጥ ስትቆሙ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ወደ ካርዱ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ሲሰባሰብና ሲተኳኮስ የሚወርድ ከሆነ ወደ ፕሮሰሰሩ።

በሙከራው ሰዓት ታስክ ማኔጀርንም ክፈቱ። ራሙ ሞልቶ ከሆነ ወይም ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ፣ ጥፋተኛው ሁለቱም አይደሉም። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ፕሮሰሰሩ «40 በመቶ» ብቻ እየሠራ ነው ስላለ ነፃ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ያ ቁጥር የሁሉም ኮሮች፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ የሥራ ክፍሎች፣ አማካይ ነው። ጨዋታው በዋናነት የሚደገፍበት አንድ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ ባዶ ቢሆኑም ድምሩ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ደረጃ 3፦ ግባችሁን በቁጥር አስቀምጡ

ጨዋታው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መስፈርት ይህ ነው፦ ዊንዶውስ 10፣ አራት የሥራ ክር ያለው (በአንድ ጊዜ አራት ሥራ የሚያካሂድ) ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዳይሬክትኤክስ 11ን የሚደግፍ ቢያንስ 1 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ፣ 85 ጊጋ ባዶ ቦታ። ለፕሮሰሰሩ በምሳሌነት የተጠቀሰው የኢንቴል ኮር አይ5-750 እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ይህ መስፈርት የሚነግራችሁ ጨዋታው እንደሚከፈት እንጂ ተወዳድራችሁ እንደምታሸንፉ አይደለም።

ግቡን የሚወስነው ስክሪኑ ነው፤ ኸርዝ የሚባለው ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር ነው። 60 ኸርዝ ስክሪን ላይ ከ60 እጅግ የበለጠ ኤፍፒኤስ ጥቂት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የማውሱ ምላሽ ፈጣን ይሆናል፤ ዓይን የሚያየው ልዩነት ግን ትንሽ ነው። 144 ኸርዝ ስክሪን ካላችሁ ግቡ አማካዩን 144 ማድረስ አይደለም፤ ዝቅተኛው አንድ በመቶ ወደ 144 እንዲጠጋ ነው። ከ60 ወደ 144 መሸጋገር ማንም ሰው ወዲያው የሚያስተውለው ለውጥ ነው። ከ144 ወደ 240 ግን ልዩነቱ ከሦስት ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው፤ በትርፍ ገንዘብ ካልሆነ አልመክርም።

ደረጃ 4፦ ፕሮሰሰር፤ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚህ አውሉ

ለዚህ ጨዋታ የምመክረው ቅደም ተከተል ከተለመደው ይለያል። ትልልቅ የታሪክ ጨዋታዎች ግራፊክስ ካርድን ያስጨንቃሉ። ካውንተር ስትራይክን ግን አብዛኛው ተጫዋች ምስሉን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን ፍለጋ ስለሚጫወተው ሸክሙ ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል። ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነ የዓለም ምርጥ ካርድ ከጎኑ ቢቀመጥ ዝቅተኛው አንድ በመቶ አይነሳም።

በገበያ ላይ «አይ7 ነው» የሚለው አባባል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኮር አይ7-2600 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን አራት ኮርና ስምንት ክር አለው። ኮር አይ3-12100 በ2022 ወጣ፤ እሱም አራት ኮርና ስምንት ክር አለው። በኮር ብዛት እኩል ናቸው፤ በጨዋታ ላይ ግን አይ3ቱ በሰፊ ልዩነት ይበልጣል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ኮሩ በአንድ ሰከንድ የሚጨርሰው ሥራ እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ቁጥር ጠይቁ። ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ቁጥር (ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ) ትውልዱን ይነግራችኋል፦ 4590 አራተኛ፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደልም አትለፏት። «ቲ» ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብ ፍጥነቱ የተቀነሰ ነው፤ «ኤፍ» በውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው ካርድ ሳይገጠም ስክሪን አያሳይም፤ «ዩ» ለቀጫጭን ላፕቶፕ የተሠራ ነው።

አዲስ ለሚገዛ ሰው በዝቅተኛ ዋጋ ጥሩ መነሻ የሚሆኑት ኮር አይ3-12100ኤፍ እና ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ናቸው። ራይዘኑ ስድስት ኮርና 12 ክር፣ 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማኅደረ ትውስታ) አለው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ራይዘን 5 5500 በስምም በኮር ብዛትም ይመሳሰላል፣ ካሹ ግን ግማሽ፣ 16 ሜጋባይት ነው። ይህ ጨዋታ ካሽ ይወዳል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ሳታመነቱ 5600ን ውሰዱ።

የካሽን ጥቅም ጥግ ድረስ ያሳዩት ኤክስ3ዲ የሚል ቅጥያ ያላቸው ራይዘኖች ናቸው። ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እና 5700ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ኤል3 ይዘው ኤኤም4 የተባለ የቆየ የፕሮሰሰር መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ይገጠማሉ። ይህ ለብዙዎቻችሁ ትልቅ ዕድል ነው፦ ከዓመታት በፊት የመጀመሪያውን ራይዘን ገዝታችሁ ከሆነ ማዘርቦርዱንና ራሙን ሳትቀይሩ፣ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን መነሻ ሶፍትዌር) ብቻ አድሳችሁ ፕሮሰሰሩን መተካት ትችሉ ይሆናል። የማዘርቦርዳችሁ አምራች በድረ ገጹ የሚያወጣውን የሚደገፉ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አስቀድማችሁ እዩ፤ ባዮሱንም አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነሳ አድሱት። ገንዘብ ያለው ደግሞ በአዲሱ መሰኪያ በኤኤም5 ላይ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ ወይም 9800ኤክስ3ዲ ይግዛ፤ ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ መሆኑን ግን አስቡበት።

ደረጃ 5፦ ራም፣ ኤስኤስዲ

ራም 16 ጊጋ ይሁን፤ በአንድ ፍሬ ሳይሆን በሁለት ባለ 8 ጊጋ። ሁለት ፍሬ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባል። ግራፊክስ ካርድ ሳይኖራችሁ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል፣ ምክንያቱም ያ ግራፊክስ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነው። በዝቅተኛ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ ንገረኝ ብትሉኝ ሁለተኛዋን የራም ፍሬ እጠራለሁ። ከገጠማችሁ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩት፤ በኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ዲኦሲፒ ወይም ኤክስፖ ተብሎም ይገኛል። ካልበራ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል፤ ማንም አይነግራችሁም።

ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ኤፍፒኤስ አይጨምርም። ካርታው ቶሎ እንዲከፈትና በጨዋታ መሃል ዲስክ ፍለጋ ተብሎ እንዳይቆም ያደርጋል። በሰከንድ 550 ሜጋባይት ያህል የሚያነበው ተራው ሳታ ኤስኤስዲ ለዚህ ጨዋታ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ግራፊክስ ካርድ

በ1920 በ1080፣ በዝቅተኛ ማስተካከያ ለሚጫወት ሰው የኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1650 ጥሩ ጀማሪ ነው። 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ብዙዎቹ ሞዴሎች ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ በሚያገኙት ኃይል ይሠራሉ፤ ከፓወር ሰፕላዩ (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ ከሚያድለው ሣጥን) የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ አያስፈልጋቸውም። ከፍ ብሎ 8 ጊጋ ያለው የኤኤምዲ አርኤክስ 6600 አለ፤ 132 ዋት ይወስዳል፣ ለ144 ኸርዝ ስክሪን ከበቂ በላይ ነው፤ እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው እሱን ነው። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ቪዲዮ ለሚያቀናብርና በካርዱ ሌላ ሥራ ለሚሠራ ይመቻል፤ ለዚህ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ከ6600 በላይ ከፍላችሁ የምታተርፉት ትንሽ ነው።

አርኤክስ 6400ንና 6500 ኤክስቲን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ አታስቡ። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በአራት መስመር ብቻ ነው፤ የማዘርቦርዱ የካርድ ማስገቢያ የቆየው ፒሲአይ 3 ከሆነ ያችው ጠባብ መንገድ በግማሽ ትጠባለች። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም ዛሬም ይሠራል፣ ነገር ግን የ2016 ትውልድ ነው፤ እየከፈላችሁ የምትገዙት ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁ 1650 ውሰዱ።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ሻጩ ፊት ገጥማችሁ ካልሞከራችሁ አትክፈሉ። ስሙ ተቀይሮ የሚሸጥ አሮጌ ካርድ ብዙ ነው፦ የአሥር ዓመት ዕቃ ላይ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ ዊንዶውስ ውስጥ «1050 ቲአይ» ብሎ ይታያል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙዎቹን የተጭበረበሩ ካርዶች ለይቶ ስማቸው ላይ ያስጠነቅቃል። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ጨዋታ ወይም ከባድ የግራፊክስ ሙከራ አስኪዱበት። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከመጣ፣ ድራይቨሩ ከወደቀ፣ ማራገቢያው ከተንቋቋ መልሱለት። ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መልሱለት።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ለሚገዙ

አዲስ አበባ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ለመጀመር በጣም የተለመደው መንገድ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው፣ መንገዱም ጥሩ ነው። ግን የትኛውን እንደምትመርጡ ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል።

በመጀመሪያ ትውልዱን ተመልከቱ። ከስምንተኛ ትውልድ በታች ባትወርዱ ይሻላል። ኮር አይ5-8500 ስድስት ኮር ሲኖረው፣ ከስምንተኛ ትውልድ በፊት የነበሩት አይ5 ዴስክቶፖች ቢበዛ አራት ኮር ናቸው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ከካውንተር ስትራይክ ሌላ ቫሎራንት ለመጫወት የምታስቡ ደግሞ ጨዋታው በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0ና ሴኪዩር ቡት የተባሉትን የኮምፒውተሩን የደኅንነት መሣሪያዎች እንደሚጠይቅ እወቁ።

ቀጥሎ የሣጥኑ መጠን ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። ተመሳሳይ ስም ያለው ኮምፒውተር በሦስት መጠን ይመጣል። መጽሐፍ የሚያህለው ሚኒ ግራፊክስ ካርድ አይገባበትም፤ ቆንጆ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት። ጠፍጣፋው ትንሽ ሣጥን ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ይቀበላል፤ እንደዚያ ያለ 1650 አለ፣ ግን ለማግኘት ይከብዳል፣ ይወደዳልም። የሚሻለው ቁሙ ታወር ነው። የጎን ክዳኑን አስከፍታችሁ ማስገቢያውንና የቦታውን ርዝመት በዓይናችሁ እዩ፤ ካርዱን አስቀድማችሁ መርጣችሁ ከሆነ ርዝመቱን በሜትር ለኩ።

የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ነው፤ ብዙዎቹም ከተለመደው የተለየ መሰኪያ ስላላቸው ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ መተካት አይቻልም። ስለዚህ የቢሮ ዴስክቶፕ ስትገዙ በልባችሁ ያለው ካርድ 75 ዋት የሚወስድ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ይሁን። ወደፊት ትልቅ ካርድ እገዛለሁ ብላችሁ የምታቅዱ ከሆነ ከአሁኑ ተራ ማዘርቦርድ ያለው የተገጣጠመ ፒሲ ይሻላችኋል፤ ሁለት ጊዜ ከመክፈል።

ላፕቶፕ ለግድ ካልሆነ አልመክርም። አንድ ስም ያለው የላፕቶፕ ካርድ እንደ አምራቹ ፈቃድ የሚያገኘው ኃይል ይለያያል፤ አርቲኤክስ 3050 ለምሳሌ ከ35 እስከ 80 ዋት ነው፣ ሁለቱም ላይ የሚለጠፈው ስም አንድ ነው። መግዛት ካለባችሁ ዋቱን ጠይቁ፤ ገዝታችሁም ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተጫወቱ።

ደረጃ 8፦ መብራት፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሙቀት

ለፓወር ሰፕላይ የሚወጣ ብር አይቆጨኝም፤ ማንንም እንዳይቆጨው እፈልጋለሁ። ሲበላሽ ብቻውን አይሄድም፣ ካርዱንና ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዙ። 38 አምፔር ከሆነ 456 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚበሉት በዋናነት ከዚህ ነው። «600 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ 20 አምፔር ብቻ ከሆነ እውነተኛ አቅሙ 240 ዋት ነው፤ ተዉት። ለራይዘን 5 5600ና ለአርኤክስ 6600 ትክክለኛ 500 ወይም 550 ዋት ምቹ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ፒሲ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላው ቀይ ማብሪያ መኖሩን እዩ። 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ቀይሩት፤ ካልቀየራችሁ የእኛ 220 ቮልት በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል። ቀይ ማብሪያ ከሌለው መለያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መሆኑን አረጋግጡ።

ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ሥራቸው ይለያያል። ስታብላይዘር የሚወጣ የሚወርደውን ቮልት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው ጨዋታውን ጨርሳችሁ በሰላም ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣል። ዩፒኤስ ስትገዙ የተጻፈው ቁጥር ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ በአነስተኛዎቹ ዋቱ ብዙ ጊዜ ከቪኤው 60 በመቶ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 650 ቪኤ ወደ 390 ዋት ይሆናል። ስክሪኑንና ራውተሩንም ጨምራችሁ ደምሩ። ሁለቱንም መግዛት ካልቻላችሁ ቢያንስ ይህን ልማድ አድርጉ፦ መብራት ሲጠፋ ከግድግዳው ንቀሉ፤ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ሰኩ። ሣጥኑን ስትነኩት ጣታችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ግራውንድ የለውም ማለት ነው፤ ኤሌክትሪሻን አስጠሩ።

የሙቀትን ነገር በአጭሩ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። ቀዝቃዛው አየራችን ይህን ያካክሳል፤ አቧራው ግን አያካክስልንም። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ አቧራውን አስወጡ፣ የፕሮሰሰሩን የደረቀ ተርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት) ቀይሩ። ብዙ «የደከመ» ፕሮሰሰር በዚህ ብቻ ወደ ትክክለኛ ፍጥነቱ ይመለሳል።

ደረጃ 9፦ ከገዛችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀን

የስክሪኑን ኬብል ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው መሰኪያ ላይ ከሰካችሁት የገዛችሁት ካርድ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ውስጥ የስክሪን የላቀ ማስተካከያ ገብታችሁ 144 ኸርዝ መመረጡን እዩ፤ ሳትነኩት 60 ላይ ሊቀር ይችላል። 144 በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ ኬብሉን ወደ ዲስፕሌይፖርት ቀይሩ።

በጨዋታው ውስጥ የምስል ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ኤምኤስኤኤን ዝቅ አድርጉ፣ ኤፍፒኤሱን ከስክሪኑ ጋር የሚያስረውን ቪሲንክን አጥፉ፤ የኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ የምላሽ መዘግየትን የሚቀንሰውን ሪፍሌክስን አብሩ። ጥላን ግን ሙሉ በሙሉ ለማውረድ አትቸኩሉ፤ ከጥግ በኋላ የሚመጣን ሰው አስቀድሞ የሚያሳብቅባችሁ ጥላው ነው። ካርዱ አሁንም ካቃሰተ ምስሉን በትንሹ ሠርቶ የሚያሳድገውን ኤፍኤስአርን በጥራት ደረጃው ሞክሩ።

በመጨረሻም ደረጃ 1 ላይ የለካችሁበትን ካርታ እንደገና አስኪዱና አማካዩን፣ ዝቅተኛውን አንድ በመቶና የሙቀቱን መጠን ከቀኑ ጋር ጻፉት። ይህን ሻጩ የሰጣችሁ የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ አድርጉት፤ ቁጥሩ ካልተነሳ ወይም በ20 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ እየወረደ ከሄደ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ዕቃውን መልሳችሁ ሂዱ።